እግርም ይማራል

«እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» የምትባለውን ዓረፍተ ነገር በዚህ ወር ስንት ጊዜ ሰማችኋት? እኔ መቁጠሩን ትቼዋለሁ። ሻይ ቤት በር ላይ ሰምቻታለሁ፤ በመኝታ ክፍሎች መተላለፊያ ሰምቻታለሁ፤ ከቤተ መጻሕፍት ደረጃ ላይም ሰምቻታለሁ። የተናገሯት ሁሉ የተናገሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ10 ሰዓት ጀምሮ በአዳራሹ ስለሚደረገው የሳልሳ ዳንስ ልምምድ።

ልምምዱ ሲጀመር 22 ነበርን። ባለፈው ቅዳሜ የተገኘነው 7 ነን። ቁጥሩ ከ15 በታች ሆኖ ከቀጠለ አዳራሹ በመጪው መንፈቅ ለሌላ ክበብ እንደሚሰጥ ተነግሮናል። «አንድ የዳንስ ልምምድ ቢፈርስ ምን ይጎድላል?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ብዕሬን እንዳነሳ ያደረገኝም ይኸው ጥያቄ ነው። እኔ የማዝነው ለአዳራሹ አይደለም። 15 እጩ መምህራን አንድን ነገር ሦስት ቅዳሜ ሞክረው «አልተፈጠርኩም» ብለው መሄዳቸው ነው የሚያሳስበኝ። ዛሬ በገዛ እግሩ ላይ እንዲህ የፈረደ ሰው፣ ነገ በ3ኛ ክፍል ሕፃን ጭንቅላት ላይ እንደዚሁ መፍረዱ አይቀርማ!

በመጀመሪያ ስለ ዳንሱ ጥቂት ልበል። ሳልሳ ከደም ጋር የሚወረስ ነገር አይደለም፤ ሰዎች ከዚህም ከዚያም እየተማሩ ያበሰሉት ነው። ሥሩ ኩባ ነው። በምሥራቅ ኩባ «ሶን» የሚባለው ሙዚቃ የስፔንን የጊታርና የዘፈን ስልት ከአፍሪካ ከበሮ ጋር አዋሕዶ ተወለደ። ያን የከበሮ ዕውቀት ባሕር አሻግረው የወሰዱት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው። ኋላም ኒውዮርክ የሠፈሩ የኩባና የፖርቶ ሪኮ ሰዎች ከጃዝ ጋር አቀላቀሉት። በ1964 እ.ኤ.አ. ጆኒ ፓቼኮና ጄሪ ማሱቺ ኒውዮርክ ውስጥ ፋኒያ የተባለውን የሸክላ ኩባንያ አቋቋሙ፤ «ሳልሳ» የሚለውን ስም በዓለም ካናኙት አንዱ ይህ ኩባንያ ነው። ቃሉ በስፓኝ ቋንቋ «ስጎ» ማለት ነው። ስጎ ደግሞ እንደምታውቁት ጊዜ ወስዶ በዝግታ ሲበስል ነው የሚጣፍጠው። የፋኒያ ሙዚቀኞች በ1974 እ.ኤ.አ. ኪንሻሳ ድረስ መጥተው ተጫውተዋል፤ የከበሮው ልጅ ወደ እናቱ አገር ተመለሰ ማለት ነው።

«ታዲያ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ለሚል ሁለት ነገር ላስታውስ። አንደኛ፣ የኛው ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ሳለ «አፍሮ ላቲን ሶል» በሚል ስም ሁለት ሸክላ አሳትሟል። የላቲኖቹን ስልትና የኮንጋ ከበሮ ከአገራችን ዜማ ጋር ያገናኘው ገና ያኔ ነው። ሁለተኛ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው ነበር። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው የትግላችን ሐውልት ለዚያ መታሰቢያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ውስጥ «የወጣቶች ደሴት» ወደሚባለው ስፍራ ለትምህርት ተላኩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ነበሩ። ሲመለሱ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የግብርና ባለሙያ ሆነው ተመለሱ። ከዲፕሎማው ጋርም የስፓኝ ቋንቋንና ይህን ዳንስ ይዘው የመጡ ሞልተዋል።

ከነዚህ ሰዎች አንዱን ያወቅሁት ሞጆ ነው። ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ ሞጆ ከተማ ተመድቤ ነበር። የተከራየሁት ክፍል ከደረቅ ወደቡ ብዙም አይርቅም። ያላየ ሰው ደረቅ ወደብ ሲባል ግራ ይገባው ይሆናል፤ ባሕር የለ፣ መርከብ የለ፣ ወደብ ምን ይሠራል? የአገራችን ትልቁ ደረቅ ወደብ ግን እሱ ነው። ከጅቡቲ በተሳቢ መኪናና በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የባቡር መስመር የመጣው ኮንቴይነር እዚያ ተደርድሮ ጉምሩኩ ያልቅለታል። ባለ 20 ጫማው፣ ባለ 40 ጫማው እንደ ጡብ ተደራርቦ ይታያል። ቀን አቧራና የመኪና ጥሩምባ ነው። ማታ ግን ለብቸኛ እንግዳ ከተማው ይረዝማል። ከዕለታት አንድ ማታ ከአንድ ትንሽ አዳራሽ የከበሮ ድምፅ ሰምቼ በር ላይ ቆምኩ። ውስጥ 12 የሚሆኑ ሰዎች አሉ፤ ትራንዚተር አለ፣ ኮንቴይነር የሚያነሳ ማሽን ኦፕሬተር አለ፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች አሉ፣ ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ፊት ሆነው የሚያስቆጥሩት ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው። ልጅነታቸውን በዚያች ደሴት ያሳለፉ መሆናቸውን በኋላ ነው የሰማሁት።

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«በማየት ዋና የቻለ ሰው አለ እንዴ ልጄ? ና ግባ!» አሉኝ።

ገባሁ፤ ተዋረድኩም። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ቆጠራው እስከ 8 ነው። በ1፣ በ2፣ በ3 ትረግጣለህ፤ በ4 አትረግጥም። በ5፣ በ6፣ በ7 ትረግጣለህ፤ በ8 አትረግጥም። በቃ ይኸው ነው። ከሁሉ የከበደኝ ግን መርገጡ አልነበረም፤ አለመርገጡ ነው። 4 ላይ ስደርስ እግሬ አስቀድሞ ይሮጣል። አብራኝ የቆመችው ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሁለት ጊዜ ታገሰችኝ፤ በሦስተኛው ጣቷን ስረግጣት «አንተ፣ ምት አይሰማህም እንዴ?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ። ጃኬቴን አንስቼ ልወጣ ስል ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ባለሁበት ቀረሁ።

ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ሆኖም ሳልጽፈው ብቀር ጽሑፌ ከንቱ ይሆናል። በዚያው ዕለት ጠዋት፣ በተመደብኩበት የ4ኛ ክፍል፣ ማካፈል ያልገባውን አንድ ልጅ ሰሌዳ ፊት አቁሜ ነበር። ሁለት ጊዜ አስረዳሁት። በሦስተኛው «አንተ ሒሳብ ለሚባል ነገር አልተፈጠርክም፤ ተቀመጥ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠና እስከ ደወል ድረስ ደብተሩን አቀርቅሮ ዋለ። የሱ ጆሮም እንደኔው ግሎ እንደነበር የገባኝ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ የሰው ጣት ረግጬ ነው።

ጋሼ መከፋቴን አይተው ጠጋ አሉኝ። «እግርህ ሰነፍ አይደለም ልጄ፤ ሌላ ቋንቋ ስለሚናገር ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አብዛኛው የሠርግና የጭፈራ ዘፈናችን የሚሄደው በችክችካ ነው፤ ምቱ በስድስት ይቆጠራል፤ ሦስት ሦስት እየሆነ ይዞራል። ሳልሳ ደግሞ አራት አራት ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በስድስት ያደገ እግር አራተኛዋ ላይ ዝም በል ሲሉት ግራ ቢጋባ ምን ይደንቃል? እንግሊዝኛ ስንማር አማርኛችን ወይም ኦሮምኛችን ይጎትተን የለም እንዴ? መምህር ማለት እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ስህተቴን አይቶ ከየት እንደመጣ ፈለገልኝ እንጂ «አልተፈጠርክም» አላለኝም።

እዚያ አዳራሽ ለ4 ወራት ተመላለስኩ። የተማርኩትን ባጭሩ ላስፍር፤ ለዳንሱም ለማስተማሩም ሥራ ይጠቅማልና።

አንደኛ፣ እርምጃ ይጠር። ጀማሪ ሁሉ ሰፊ እርምጃ ይወዳል፤ የተራመደ ይመስለዋል። እግሩ ርቆ ሄዶ ግን ለሚቀጥለው ምት ሳይደርስ ይቀራል። እርምጃው ከትከሻ ስፋት በላይ እንዳይሆን ጋሼ ወለሉ ላይ በጠመኔ ትንሽ ሳጥን ሠርተው ከዚያ እንዳንወጣ ያደርጉን ነበር።

ሁለተኛ፣ ክብደት ሙሉ በሙሉ ይዛወር። እግር መሬት መንካቱ ብቻ እርምጃ አይባልም፤ የሰውነት ክብደት እግሩ ላይ ማረፍ አለበት። ዳሌ ሲወዛወዝ የምናየውም በጉልበት መታጠፍና በክብደት መዛወር የመጣ ነው። ዳሌውን ለብቻው ለማወዛወዝ የሚታገል ሰው ውጤቱን ይዞ ምክንያቱን የረሳ ነው። ቀመሩን በቃሉ ሸምድዶ ትርጉሙን ያላወቀ ተማሪ አታውቁም? እሱ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ፣ ቀጥሎ በዝግተኛ ሙዚቃ፣ በመጨረሻ በፈጣኑ። ቆጠራው በአፍ ካልወጣ በእግር አይወጣም። የኮንጋውን ድምፅ ለይቶ መስማት የመጣልኝ በ6ኛው ሳምንት ነው። «ክላቬ» የሚባለውን፣ በሁለት አራት አራት ምት ውስጥ 5 ጊዜ የሚመታውን የእንጨት ድምፅ ለመለየት ደግሞ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ሙዚቃው እዚያው ነበር፤ ጆሮዬ ነው ያልተማረው።

አራተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ስህተት ብቻ ይታረም። ጋሼ አንድ ማታ የሚያርሙን አንድ ነገር ነው። እግር ከሆነ እግር፣ እጅ ከሆነ እጅ። አምስት ስህተት ባንድ ላይ የተነገረው ሰው አንዱንም አያርምም።

አምስተኛ፣ በሳምንት አንዴ 3 ሰዓት ከመድከም በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይሻላል። እኔ ጠዋት ውሃ እስኪፈላ ድረስ ነበር የምቆጥረው።

ስድስተኛ፣ አጋር ይለዋወጥ። ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጋር የሚለማመድ የዚያን ሰው ስህተት ተለማምዶ ይቀራል። ካልለመዱት ሰው ጋር ሲቆሙ ነው የተማሩትና ያልተማሩት የሚለየው።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ልምምድ ያደርሳል» ሲባል መደጋገም ብቻ የሚመስለው አለ። የተሳሳተውን መቶ ጊዜ የደገመ ሰው ስህተቱን ነው ያጠነከረው። እኔ ራሴ ወደ ኋላ ስረግጥ ተረከዜ ላይ እወድቅ ነበር። ሁለት ሳምንት ማንም ሳያየኝ ክፍሌ ውስጥ ያንኑ ደጋገምኩት፤ ለመተው አንድ ወር ፈጀብኝ። ስለዚህ ልምምድ ዓይን ይፈልጋል፤ የሚያይና በቅንነት የሚናገር የሌላ ሰው ዓይን።

አብሮን ይለማመድ የነበረው የማሽን ኦፕሬተር አንድ ማታ የተናገረውን አልረሳም። «ሥራ ስጀምር ባዶ ኮንቴይነር ነው ያስነሱኝ፤ እሱንም ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጌ መልሼ ማስቀመጥ። ዛሬ ሰው ቆሞ ያየኛል፤ ያኔ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለን። ወደቡ ውስጥ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ኮንቴይነር አንሳ የሚለው የለም። እኛ ግን ሕፃኑን የመጀመሪያውን ቀን አንሳ እንለዋለን፤ ሲያቅተውም አልተፈጠርክም።

የ4ኛ ክፍሉስ ልጅ? ተአምር ተፈጠረ ብዬ አልዋሽም። በማግስቱ ከክፍል አስቀድሜ ጠርቼ «ትናንት ያልኩህ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ» አልኩት። 12 ጠጠር ይዘን ለሦስት ሰው፣ ለአራት ሰው እያካፈልን ጀመርን። በየቀኑ 10 ደቂቃ። በ3ኛው ሳምንት ሳልጠራው እጁን አወጣ። መልሱ ትክክል አልነበረም። እጁን ማውጣቱ ግን ለኔ ይበቃኛል።

አሁን ወደ ቅዳሜያችን ልመለስና ሒስ ላቅርብ፤ ከራሴም ልጀምር። ልምምዱን ካስጀመርነው አንዱ እኔ ነኝ፤ ከጋሼ ያየሁትን ግን አልሠራሁበትም። በሁለተኛው ቅዳሜ ገና መሠረታዊው እርምጃ ሳይረጋ ወደ ዙር ዘለልን። ከስልክ ላይ የውድድር ዳንሰኞችን ቪዲዮ እያየን ያንን ለመቅዳት ተሯሯጥን። ቪዲዮው የሚያሳየው የ10 ዓመት ልፋት ውጤቱን ነው፤ ልፋቱን አያሳይም። የቻልነው ደግሞ ከፊት ሆነን እርስ በርሳችን ስንጨፍር ጀማሪዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ። የባሰው ደግሞ ሲሳሳቱ ተሳቀ። እነዚያ 15 ጓደኞቻችን አልተፈጠርንም ብለው የሄዱት እኛ ስላላስተማርናቸው ነው። ይህን በይፋ ማመን ይገባናል።

የሚቀርቡትን ተቃውሞዎችም በዝምታ አላልፋቸውም። አንዳንዱ «ተሰጥኦ የሚባል ነገር የለም ልትለን ነው?» ይለኛል። አላልኩም። ቶሎ የሚቀበል አለ፣ ዘግይቶ የሚቀበል አለ። ነገር ግን በሦስት ቅዳሜ የሚለካ ተሰጥኦ የለም። ቶሎ የያዘም ሰው ካልሠራበት ይቀድሙታል። በ1996 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የዳንስ መምህር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ ከጎዳና ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና» የተባለውን ሥራ አሳይቶ ነበር። ከነዚያ መካከል የተመረጡት አዱኛ በሚባለው ቡድን ውስጥ ለ5 ዓመት ሠለጠኑ። ከነሱ አንዱ የሆነው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በኋላ በዓለም አቀፍ መድረክ የሚታወቅ ዳንሰኛ ሆነ። በትርዒቱ የምንደነቅ ብዙ ነን፤ 5 ዓመቷን የምናስብ ግን ጥቂት ነን።

ሌላው ደግሞ «ረገዳ እያለልን፣ ሸጎዬ እያለልን፣ እስክስታ እያለልን የባዕድ ዳንስ ምን ያደርግልናል?» ይላል። ይህ ጥያቄ ክብደት አለው። እውነቱን ልናገር፤ ሳልሳ ከመማሬ በፊት ረገዳን የምችል ይመስለኝ ነበር። ሠርግ ላይ ከሰው መሐል ገብቼ ስለዘለልኩ ነዋ! የሳልሳን እርምጃ እየቆጠርኩ ከተማርኩ በኋላ ነው «የኛስ በየትኛው ምት ላይ ነው የሚረገጠው? ጉልበት መቼ ይታጠፋል? የሸጎዬው አንገት ከየት ይጀምራል?» ብዬ የጠየቅሁት። አልመለስኩትም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ታችኛው ክፍል ድረስ አለ፤ ነገ ከመሐላችን ያን የሚያስተምር አለ። ታዲያ «ዝም ብለህ ጨፍር» ብለን እናስተምር? የኩባ ሰዎች ዳንሳቸውን ቆጥረው፣ ደረጃ በደረጃ ከፋፍለው ለዓለም አስተማሩ። እኛም ለራሳችን እንዲሁ ብናደርግ ምን ይከለክለናል? የባዕዱን መማር የራስን ለመናቅ ሳይሆን የራስን ለመመርመር ከሆነ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

ወንድና ሴት እጅ ለእጅ መያያዛቸው ቅር ያሰኛችሁም አላችሁ። ማንም ሰው ከፈቃዱ ውጭ እንዲያያዝ አይደረግም። መሠረታዊው እርምጃ ለብቻ ቆሞ የሚሠራ ነው፤ ለብቻ መለማመድ የሚፈልግ ይለማመድ። በጾም ወቅት የሚቀርም ይቅር፤ ሲመለስ ቦታው ይጠብቀዋል።

ማሳሰቢያዬ እንግዲህ ይህ ነው። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለሁላችንም፣ ለቻለውም ላልቻለውም፣ መሠረታዊው እርምጃ ብቻ ይሁን። የቻለ ሰው ከጀማሪ ጋር ይቁም፤ በየ10 ደቂቃውም አጋር ይቀየር። ማንም በማንም ስህተት አይሳቅ። በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ ረገዳን ወይም ሸጎዬን በደንብ የሚያውቅ ሠልጣኝ ፊት ወጥቶ እየቆጠረ ያስተምረን፤ እኔ ለመማር የመጀመሪያው ሰልፈኛ ነኝ።

15ቱ ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ! ለሳልሳ ስትሉ አትመለሱ፤ ባትወዱትም ግዴለም። ነገር ግን አንድ የማይሆንላችሁን ነገር፣ መዋኘትም ይሁን ክራር መምታት፣ ይዛችሁ ቢያንስ አንድ መንፈቅ ቆዩበት። መምህር ሆነን ከወጣን በኋላ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የምናውቀው እኛ፣ የማያውቁት እነሱ ይሆናሉ። ያለማወቅ ሙቀት ጆሮ ላይ ምን እንደሚመስል ከረሳን፣ ጠመኔ ይዘን ብንቆምም የምናስተምረው አይኖርም።

ቅዳሜ 10 ሰዓት። 4 ላይ አትርገጡ።

ከአንድ የ2ኛ ዓመት እጩ መምህር